ሁለት ቤት ያለው ሰው ሰበካ ጉባኤ ይመረጣል ወይ? ክሩ ከነመልሶቹ

ይህ ክር፣ ማለትም ጥያቄው ከነመልሶቹ፣ ከአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ የተወሰደ ነው። ጥያቄውን የከፈተው ከሞረትና ጅሩ ወጥቶ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። ሰላምታውን አስረዘመና ወደ ጉዳዩ ገባ። የትውልድ ቀበሌው ሰው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑን በአዲስ እያሠራ ነው። ቆርቆሮውንና ሲሚንቶውን በአብዛኛው የቻሉት አንድ የደላቸው ገበሬ ናቸው። አሁን የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ደርሷል፤ ሰዉም እኚህን ሰው ምክትል ሰብሳቢ እናድርጋቸው እያለ ነው። ችግሩ፣ ሰውየው ሁለት ቤት አላቸው። ደጋው ላይ የሰማንያ ሚስታቸው አሉ። ወደ ጀማ ወንዝ ሲወረድ ደግሞ፣ ቆላው ላይ፣ ሌላ ጎጆ፣ ሌላ ሴት፣ ሌሎች ልጆች አሉ። አገር ያውቃል፤ በአደባባይ ግን ማንም አያነሳውም።

ልጁ የጠየቀው ሁለት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሰው የቤተ ክርስቲያን ኃላፊነት ላይ ሊቀመጥ ይችላል ወይ? በሌላው አፍሪካስ ብዙ ሚስት ያላቸው የቤተ ክርስቲያን መሪዎች አሉ ይባላል፤ እነሱ ነገሩን እንዴት አደረጉት? ስድብ እንዳይገባ አደራ ብሎ ጨረሰ። አደራው እስከ 10ኛው መልስ ድረስ ተከብሯል።

1ኛው መልስ ጥቅስ ብቻ ነው። ጳውሎስ በመጀመሪያው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 3 ላይ ኤጲስ ቆጶሱም ዲያቆኑም የአንዲት ሚስት ባል እንዲሆን ማዘዙን፣ ለቲቶ ሲጽፍም ሽማግሌውን በዚሁ መለካቱን አስታወሰና ነገሩ አለቀ አለ። 2ኛው አሜን ብሎ አለፈ። 3ኛው ግን አላለቀም ባይ ነው። ሰበካ ጉባኤ ክህነት አይደለም። መተዳደሪያ ደንቡ በሆነው በቃለ ዓዋዲው መሠረት ካህናትም ምእመናንም ወጣቶችም የሚመረጡበት የአስተዳደር አካል ነው። ሰብሳቢው የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፣ ምክትሉ ከምእመናን ነው። እናም የጳውሎስ መለኪያ ለምክትል ሰብሳቢ ይሠራል ወይ የሚለው ገና መልስ የሚፈልግ ጥያቄ እንደሆነ በትሕትና አሳሰበ። እዚህ መድረክ ላይ እንዲህ ያለ ትሕትና ብርቅ ነው።

4ኛውን የጻፈው ዲያቆን ነኝ ያለ የሸዋ ሮቢት ሰው ነው። ለካህን ሕጉ ሁለት ሚስት አታስቀምጥ ከማለትም አልፎ እንደሚሄድ አስረዳ። ዲያቆኑ ቅስና ከመቀበሉ በፊት በሥርዓት ያገባል። ከተካነ በኋላ ማግባት የለም። ሚስቱ ብትሞትም እንኳ ሌላ ካገባ ክህነቱ ይፈርሳል። ካህን ሆኖ መቆየት ከፈለገ ወይ ብቻውን ይኖራል፣ ወይ ይመነኩሳል። ጳጳስ ደግሞ የሚመረጠው ከመነኮሳት ነው። ስለዚህ ለኛ ካህን አንዲት ሚስት ማለት በዕድሜ ልክ አንዲት ማለት ነው። ከጥምቀት በኋላ ሁለት ጊዜ ያገባ ወይም ዕቁባት ያስቀመጠ ሰው ኤጲስ ቆጶስም ቄስም ዲያቆንም እንዳይሆን የሐዋርያት ቀኖና ከጥንት መከልከሉንም ጨመረ።

ከዚያ የአጎቱን ታሪክ አመጣ። አጎቱ ቄስ ነበሩ። ሚስታቸው በወሊድ ሞቱባቸው፤ ሦስት ሕፃናት ቀሩ። ቤቱን የሚይዝ ሰው ሲያጡ ሌላ ሴት አገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲቀደስ የሚቆሙት ከምእመናን ጋር ሆነ። የሰፈር ልጆች ግን በልማድ መስቀል ሊሳለሙ ይሮጡባቸዋል። እሳቸውም እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ይሰበስባሉ። ዲያቆኑ ይህን ከተረከ በኋላ በሕጉ ላይ አንዲት ቃል ቅሬታ አልጨመረም። እኔ ግን እዚህ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሚስቱ የሞተችበት ድሃ ቄስ ከመቅደስ ይወጣል። ሁለት ቤት ያለው ባለ ሲሚንቶ ግን ይመረጥ አይመረጥ ተብሎ ይመከርበታል።

5ኛውና 6ኛው ምስጋና ናቸው። 7ኛው የፍቼ የታሪክ መምህር ነው። ይህ ክርክር ለሰሜን ሸዋ አዲስ እንዳልሆነ፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋር በዚሁ እንደተጣሉ ጻፈ። 8ኛው ወዲያው አረመው። የተጣሉት ቀደም ብሎ ከዐፄ ዓምደ ጽዮን፣ ኋላም ከልጁ ከሰይፈ አርዕድ ጋር ነው። መምህሩ በ9ኛው እርማቱን በደስታ ተቀበለና አሰፋው። ዓምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. ከ1314 እስከ 1344 ነገሠ። የአባቱን ሴት አግብቷል ተብሎ መነኮሳቱ ተነሡበት። አባ አኖሬዎስ በዚህ ጦስ እንደተገረፉ ገድላቱ ይተርካሉ። የደብረ ሊባኖሱ አበ ምኔት አባ ፊልጶስና ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ያዕቆብ ደግሞ ንጉሡ በአንዲት ሚስት እንዲጸና አጥብቀው ያዙ። መነኮሳቱ ወደ ዳር አገር ተጋዙ። ሰይፈ አርዕድም ከአንድ በላይ ሚስት በማግባቱ ጠቡ ቀጠለ፤ ጳጳሱ ወደ ግብፅ ተመለሱ፣ ፊልጶስም በስደት ላይ እንዳሉ አረፉ። መምህሩ የደመደመው፣ ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የገሠጸችው ንጉሥን ነው፤ ዛሬ አንድ ገበሬ መገሠጽ ለምን ይከብዳል በሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ሲሚንቶው ይመስለኛል።

10ኛው ከደብረ ብርሃን ነው። ዘርዓ ያዕቆብም ቢሆን ከዚህ ነገር ነጻ እንዳልነበር አስታወሰ። ከተማችንን የቆረቆረው፣ ስለ ሃይማኖት ብዙ ያስጻፈው፣ በሥርዓት ጥብቅ የነበረው ንጉሥ ራሱ ከአንዲት በላይ ንግሥት ነበረችው። የቤተ መንግሥቱ ወግ ለቀኝ ንግሥትና ለግራ ንግሥት ማዕረግ ያዘጋጀ ነበር። ሳህለ ሥላሴም አንኮበር ላይ ከእቴጌ በዛብሽ ሌላ ብዙ ዕቁባቶች እንደነበሯቸው እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የመጡት የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። ምኒልክ ከጣይቱ ጋር አንኮበር መድኃኔ ዓለም ቆርበው ሲጋቡ ለዚህ ነው ለአገሩ ትልቅ ወሬ የሆነው፣ አለ። በቁርባን መታሰር ለትልቅ ሰው የማይለመድ ነገር ነበራ።

እዚህ ላይ አደራው ፈረሰ። 11ኛው፣ የአዲስ አበባ ሰው፣ ይህ ሁሉ የባላገር ኋላ ቀርነት ነው፤ በዚህ ዘመን ሁለት ሚስት ብሎ መወያየት ያሳፍራል አለ። 12ኛው የመንዝ ሰው ነው፤ ቀልድ አያውቅም። የባላገሩ ሰው ቢያንስ ጎጆ ቀልሶ፣ ልጁን ልጄ ብሎ ያሳድጋል። የከተማው ባለ መኪና ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ያስቀምጣታል፣ ልጅ ሲመጣ ስልኩን ይቀይራል። የትኛው ነው ኋላ ቀር? አሥራ ሦስት ሰው መልሱን ወዶለታል። 13ኛው ለማብረድ ብሎ ሁለት እግር አለህ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለውን ተረት ጣለ። 14ኛው በዚህ ኑሮ ውድነት አንዷንም ቤት ማስተዳደር ያቃተው ሰው ስለ ሁለት መስማት አይፈልግም አለ። ከዚያ ወደ ጤፍ ዋጋ ተገባ። የምንጃር ጤፍ ነው የአዳ የሚበልጠው? የመሐል ሜዳ መንገድስ መቼ ያልቃል? እስከ 16ኛው ድረስ ይሄው ነው። አስተናባሪው ወደ ርዕሱ ተመለሱ ሲል አንዱ ጤፉም የርዕሱ አካል ነው ብሎ ተከራከረው።

17ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን። ፕሮቴስታንት ነኝ አለ፣ በጨዋነት። እነሱ ዘንድ ከማመኑ በፊት ሁለት ያገባ ሰው ቢመጣ ሚስቶቹን በትን አይሉትም፤ ይጠመቃል። ሽማግሌ ወይም መጋቢ ግን አይሆንም፣ ሦስተኛም አይጨምርም። ካመነ በኋላ ሁለተኛ ያገባ ግን ይታገዳል። ይህን ያየሁት እኔ ባገለገልኩባቸው ጥቂት ቦታዎች ነው፣ ለሁሉም አልናገርም ማለቱ ደስ አለኝ። 18ኛው ግን ጨዋነቱን አልመለሰለትም። የፕሮቴስታንቶች መነሻ ሉተር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1540 በጀርመን የሄሰን መስፍን ፊሊፕ በሚስቱ ላይ ሌላ ሲያገባ በምስጢር ይሁን ብሎ አልመከረም ወይ አለው። እውነት ነው፣ መክሯል፤ ሲወጣም ትልቅ ቅሌት ሆኗል። 17ኛው ተመልሶ፣ 10ኛውን መልስ አንብብና ከዘርዓ ያዕቆብ ጀምር አለው። እንዲህ ባለ ጠብ ሁለቱም ወገን የሌላውን ንጉሥ ነው የሚቆጥረው።

19ኛው ከአጣዬ የሆነ ሙስሊም ነው። በሰው ቤት ጉዳይ እንደማይገባ ይቅርታ ጠይቆ ነው የጀመረው። የሱ ሃይማኖት እስከ አራት ይፈቅዳል፤ ግን ማስተካከልን ግዴታ ያደርጋል፤ ማስተካከል ካልቻልክ አንድ ነው። ሁለተኛዋም ብትሆን በኒካህ የመጣች ሚስት ናት፤ መህር፣ ባል የሚሰጣት ጥሎሽ፣ አላት፤ ስም አላት። የናንተ ነገር የሚገርመኝ ሕጉ አንድ ይላል፣ ሰዉ ሁለት ይይዛል፣ ሁለተኛዋ ግን እንደሌለች ትቆጠራለች አለ። አንድ ሁለት ሰው ሊሰድበው ሞከረ። የመንዙ 12ኛ ግን ልክ ነው፣ ተዉት ብሎ ቆመለት። እኔም ከመንዙ ጋር ነኝ።

21ኛው ለልጁ ሁለተኛ ጥያቄ የተሻለ መልስ ይዞ መጣ። ለንደን የሚኖር ሰው ነው፤ የአንግሊካኖችን፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ወገኖችን፣ ታሪክ ያውቃል። የአንግሊካን ጳጳሳት በላምቤዝ ጉባኤያቸው እ.ኤ.አ. በ1888 ብዙ ሚስት ያለው ሰው አይጠመቅ ብለው ወሰኑ፤ ሚስቶቹን ግን እንደ ሁኔታው ማጥመቅ ይቻላል አሉ። ከዚያ በፊት በደቡብ አፍሪካ የናታሉ ጳጳስ ኮለንሶ ይህ ጭካኔ ነው፣ የተበተኑት ሴቶች የት ይገባሉ ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ የሰማው አልነበረም። በትክክል ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ያው ጉባኤ ሐሳቡን ለወጠ። ሰውየው ከሚያምኑት ሚስቶቹና ከልጆቹ ጋር ይጠመቅ፤ አሁን ያሉት በሕይወት እስካሉ ሌላ እንዳያገባ ይማል፤ ሴቶቹ ለችግር ስለሚጋለጡ ፍታቸው ብሎ ማስገደድ የለም፤ ያገሩ ምእመን ግን ይስማማበት ተባለ። ሌጎስ ላይ ደግሞ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1917 ሜቶዲስቶቹ ብዙ ሚስት ያላቸውን የታወቁ ምእመናን ሲያግዱ፣ የታገዱት ወጥተው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። ስለዚህ ለልጁ ጥያቄ መልሱ፣ አንዳንዱ ወንበሩን ዘጋ፣ አንዳንዱ ወንበሩን ይዞ ወጣ የሚል ነው።

22ኛው ከጆሃንስበርግ ነው፤ ሱቅ አለው። ደንበኞቹ ውስጥ የሼምቤ ተከታዮች አሉ። ኢሳያስ ሼምቤ እ.ኤ.አ. በ1910 የመሠረተው የዙሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ነጭ ለብሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው ነው የሚያመልኩት፤ ሲያያቸው የአገሩ ጥምቀት ትዝ ይለዋል። እነሱ ዘንድ ብዙ ሚስት ያለው ሰው ከመሪነት አይከለከልም። አንዱ ሽማግሌ ሦስት ሚስቶቹን አስከትሎ ይመጣና ለሦስቱም እኩል ስኳር ይገዛል፤ አንድ ኪሎ ቢጎድል ቤት መግባት አይቻልም ይላል። ሰዎች ሳቁ። 23ኛው ግን ሳቁን አቆመው። ጥያቄው ቀላል ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በልብነ ድንግል ዘመን አገራችን ሲኖር፣ ብዙ ሚስት ይዞ ከቤተ ክርስቲያን የተከለከለ አንድ ሰው ሌሎቹን ሰዶ የመጨረሻዪቱን፣ ወጣቷን፣ ሲያስቀር ተመልሶ እንደቆረበ ጽፏል። ሰውየው ቆረበ፤ የተሰደዱትስ? ኮለንሶም የጠየቀው ይህንኑ አይደለም?

24ኛው መልስ ክሩን ለሁለት ከፈለው። የጻፈችው ሴት ናት። የቆላው ቤት ልጅ ነኝ አለች፤ የጥያቄው ሰውዬ ልጅ አይደለችም፣ የሌላ አባት ናት፣ ኑሮው ግን ያው ነው። አባቷ ዓርብ ማታ ገብስና ባቄላ በአህያ ጭነው ይወርዳሉ። ሰኞ ማሽላና ማሾ ጭነው ይወጣሉ። የደጋው ቤት ቆርቆሮ የተመታው በማሾው ገንዘብ ነው። ማሾውን ያረሙት፣ የለቀሙት እሷና እናቷ ናቸው። እናቷ ጾሙን ይጾማሉ፤ ለቆላው ጊዮርጊስ መገበሪያ ስንዴ ለቅመው፣ አጥበው፣ አስጥተው ያደርሳሉ። ቄሱ ስንዴውን ይቀበላሉ። የነፍስ ልጅ ያድርጉኝ ሲሏቸው ግን ያለ ሥርዓት ነው የምትኖሪው ብለው መለሷቸው። አባቷ ግን ደጋ ላይ የነፍስ አባት ነበራቸው፤ እየመጡ ቤቱን ጠበል ይረጩ ነበር።

አባቷ ሲሞቱ ቀብሩ ደጋ ሆነ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ቆላ አልወረደም። ሞታቸውን የሰሙት ከገበያተኛ ነው። ገደሉን ወጥተው ሲደርሱ አፈሩ ተመልሷል። ለአርባው ተዝካር እናቷ በራሳቸው ጌሾ ጠላ ጠመቁ። በእንስራ አዝለው አቀበቱን ወጡ። ጠላውን ተቀበሏቸው፣ ወደ ጋኑ ገለበጡት፣ እንስራውን መለሱላቸው። መቀመጫ የተሰጣቸው ከዳሱ ውጭ፣ ከወጥ ሠሪዎቹ ጋር ነው። ዳሱ ውስጥ ሰው ይህ ጠላ የማነው፣ ይጥማል ሲል ይሰማ ነበር። የማን እንደሆነ የነገረው የለም።

ልጅቱ ያለቀሰችበት አንዲት መስመር የለችም። ጥያቄዋን ብቻ አስቀመጠች። ሰውየው ይመረጥ አይመረጥ ትላላችሁ። ቤተ ክርስቲያን አንዷን ተዋት ስትለው የትኛዋን ነው? ምን ይዛስ ትሄዳለች?

25ኛው፣ 26ኛውና 27ኛው እግዚአብሔር ያጽናሽ ናቸው። 28ኛው አባትን በአደባባይ ማዋረድ ነውር ነው አላት። 29ኛዋ፣ ሌላ ሴት፣ ተዋርዶ ያየሁት ጠላዋን ነጥቀው ውጭ ያስቀመጧት እናት ናቸው ብላ መለሰችለት። 30ኛው ደግሞ እናትየውም ባለትዳር መሆኑን እያወቁ ገቡ አለ። ያቺው ሴት ተመልሳ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ የተዳረች ልጅ ምን ታውቃለች፣ ማንስ ጠየቃት አለችው። ከዚያ ያለውን አልደግመውም። አስተናባሪው ሁለት መልስ አጥፍቷል፤ ባያጠፋቸው ይገርመኝ ነበር።

31ኛው የሕግ ሰው ነው፤ በደረቁ ነው የጻፈው፤ ግን ያስፈልግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 11 በጋብቻ የታሰረ ሰው ሌላ ጋብቻ እንዳይፈጽም ይከለክላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 650 ያስቀጣል፤ አንቀጽ 651 ደግሞ በሕግ እውቅና ባገኘ ሃይማኖት ወይም ባህል መሠረት የተፈጸመን ያወጣል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያገቡ ሴቶች ከመቶ 11 የሚሆኑት ባላቸው ሌላ ሚስት እንዳለው ተናግረዋል። የኛ አካባቢ ሴቶች ግን እዚያ ቁጥር ውስጥ መግባታቸውን ይጠራጠራል፤ ውሽማ ወይም ቅምጥ ተብላ የምትታወቅ ሴት ሚስት ነኝ ብላ አትመዘገብማ። አንድ የሚያጽናና ነገርም አለ። ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት እኩል መብት እንዳላቸው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ደንግጓል። የማሾዋ ልጅ ከአባቷ ትወርሳለች ማለት ነው። 32ኛው፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው፣ ይህ በወረቀት ብቻ ነው ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ነው። ሚስት የተባለችው የደጋዋ ናት። ቆላዋ አርባ ዓመት ብታርም ፎቶዋ የትም የለም።

33ኛው ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ነው። አንድ የልጅ ልጅ፣ አያቴ ቄስ ናቸው፣ እያነበብኩላቸው ሰምተው ይህን ጻፍ አሉኝ ብሎ ነው ያስገባው። አባ ብዙ ሁለት ቤት ያላቸው ሰዎች ንስሐ ሊገቡ መጥተውባቸዋል። ድሮ አንዷን ተው ይሉ ነበር። ሰውየውም ሁልጊዜ ወጣቷን ያስቀራል፤ አሮጊቷን ይተዋል። ወይም ደግሞ መሬት ያላትን አስቀርቶ ጉልበት ብቻ ያላትን ይሰዳል። እሳቸው ይህን ሲያዩ ሥራቸውን ለወጡ። አሁን የነፍስ ልጅ ከማድረጋቸው በፊት ሽማግሌ ያስቀምጣሉ። በሬው፣ እህሉ፣ ቆርቆሮው፣ ንብ ቀፎው ይቆጠራል። የምትለየዋ ሴት ድርሻዋን በእጇ ሳትይዝ ለሰውየው ቀኖና አይሰጡም። ሴቲቱም እዚያው ቀን የነፍስ ልጅ ትሆናለች። ይህን ሥርዓት ከየት አመጡት ላሉት፣ ፍትሐ ነገሥት ሁለት ሚስት ከልክሏል፤ ሲለያዩ ሴቲቱን ባዶ እጇን ስደድ ያለበትን ግን አላገኘሁም አሉ። የምርጫውን ነገር በሁለት ቃል ዘጉት፤ ሲሚንቶው ይምጣ፣ ወንበሩ ይቆይ።

34ኛው ቄሶቹስ ራሳቸው ውሽማ የላቸውም ወይ ብሎ ተነሣ። ያላቸው አሉ፤ ማንም አልካደውም። የሸዋ ሮቢቱ ዲያቆን በ35ኛው መጣና፣ ያለው ካለ ክህነቱ በእግዚአብሔር ፊት ፈርሷል፤ አንተ ግን የአባን ቀፎ ቆጠራ ለማስቀረት ነው የመጣኸው አለው። እስከዚህ ድረስ እርጋታው ያልተለየው ሰው ነበር። 36ኛው ሰሎሞን ሰባት መቶ ሚስት ነበረው ብሎ ሲገባ ያው ዲያቆን፣ የዚያኑ ምዕራፍ መጨረሻም አንብበው ብሎ አሳረፈው።

በ37ኛው ጥያቄ አቅራቢው ልጅ ተመለሰ። ክሩን ለደብሩ አስተዳዳሪ በስልክ አንብቦላቸዋል። ምርጫው ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተላልፏል፤ ከወረዳ ቤተ ክህነት ምክር ይጠየቃል። ሰውየው ራሳቸው ጉምጉምታ ካለ ወንበሩ ይቅርብኝ ብለዋል አሉ። ያልጠበቀው ግን የደጋዋን ሚስት ነው። ሲሚንቶው የተገዛው በኔም በሬ ነው፣ ስሙ የሱ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው ብለው ከማኅበር ላይ ተናግረዋል። አንዳንድ ሴቶች ደግሞ እሳቸውን ራሳቸውን ለሰበካ ጉባኤው እንጠቁም እያሉ ነው። 38ኛው ይህስ ባሰ አለ። 39ኛው ምን ባሰ፣ ተሻለ እንጂ ብሎ መለሰለት።

የማሾዋ ልጅ በ40ኛው አንድ ጊዜ ብቅ ብላ ነበር። የቆርቆሮው ደረሰኝ በማን ስም ተቆረጠ ብላ ጠየቀች። ልጁ በሰውየው ስም ብቻ እንደሆነ ነገራት። የሦስቱም ስም ይጻፍበት፣ የቆላዋም ጭምር አለችው። ለስብሰባው እንደሚያቀርበው ቃል ገባ፤ ይሳካል ብሎ ግን አልዋሸም። 42ኛው የደረሰኙን ወሬ ሲያይ፣ ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ አሁን ደብረ ብርሃን ላይ ስንት ገባ ብሎ ጠየቀ። እስካሁን የመለሰለት የለም።